«እሱ አይደለም»፦ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ከአንቀጽ ወደ ሥዕል የመጣበት መንገድ

ንድፉን በቴሌግራም የላክሁላቸው ማታ ነው። ጠዋት ስነሣ መልሱ ጠበቀኝ። «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ሥዕሉ ያምራል። ግን እሱ አይደለም።»

«እሱ» የተባለው ሰው በዓለም ላይ የለም። ልቦለድ ውስጥ ያለ ታንኳ ቀዛፊ ነው። ለዚህ ለሌለ ሰው ስል ነው ሦስት ሳምንት ያህል ስለፋ የከረምሁት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ደራሲው እዚሁ ባሕር ዳር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን ሊያሳትሙ ተዘጋጅተዋል። መሐሉ ላይ ሙሉ ገጽ የሚይዝ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነ አንድ ሥዕል ፈለጉ። ሽፋኑን ሌላ ሰው ይዞታል። ቀብድ ከፈሉኝ፣ አንድ አንቀጽ ላኩልኝ፣ «ይህን ሰው ሣይልኝ» አሉ። በቃ። ሥዕል የሚለማመዱ ልጆች «ከጽሑፍ ውስጥ ሰው እንዴት ይወጣል?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነገሩን ከነስሕተቱ ልጽፈው ወሰንሁ። አንቀጹን አስፈቅጄ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። የደራሲውን ስም ግን አላነሣም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

«ሽማግሌው ጎህ ሳይቀድ ይመጣል። ከወገቡ በላይ ጎልማሳ፣ ከወገቡ በታች የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ፊቱ የነሐሴ ጎርፍ የሄደበት መንገድ ነው፤ ዓይኖቹ ግን ገና ያልደፈረሰ ውኃ። ጋቢውን ሐይቅ ላይ አይለብሰውም፤ አጥፎ ይቀመጥበታል። ደንገሉ ከሥሩ ሲንሿሿ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ያዳምጠዋል። የሚሰማው ቀኝ ጆሮው ብቻ ነው። ከማገዶው ክምር በላይ ጭንቅላቱ ብቻ ስለሚታይ፣ ዳር የቆመ ሰው እንጨቱ ራሱን ቀዝፎ የመጣ ይመስለዋል።»

ሰባት ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ጊዜ አነበብሁት፣ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ታብሌቴን አነሣሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ጀመረ።

በዚያ ማታ የሣልሁት ሰውዬ ረጅም ነጭ ጢም አለው። ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አድርጓል። ጀርባው ጎብጧል። ጫፉ ሰፊ የሆነ መቅዘፊያ ይዟል። ከኋላው ፀሐይ ግማሽ ድረስ ወጥታለች፤ በፀሐይዋ ፊት ደግሞ ሦስት ይብራዎች ይበራሉ። ካፌ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዓይነት ሥዕል ነው። «ያምራል» ማለታቸው ውሸት አልነበረም።

መልሳቸው ትንሽ አስከፋኝ፤ አልዋሽም። አንቀጹን እንደገና ከፈትሁትና በእልህ አነበብሁት። «ጋቢውን ሐይቅ ላይ አይለብሰውም» ይላል። እኔ አልብሼዋለሁ። «ጎህ ሳይቀድ» ይላል። እኔ ፀሐይ አውጥቻለሁ። ጢም የሚል ቃል የትም የለም። ጎባጣ የሚልም የለም። «ሽማግሌ» የምትለውን ቃል እንዳየሁ እጄ የለመደውን ሽማግሌ ሣለ። የቀረውን ስድስት ዓረፍተ ነገር ዓይኔ አይቶታል፤ እጄ ግን አልሰማም።

ከዚያ ነው ሥራው በደንብ የተጀመረው። አንቀጹን በትልልቅ ፊደል አሳተምሁና ቀይ እስክርቢቶና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ዓይን ሊያየው የሚችለውን ነገር በቀይ አሰመርሁ፦ የታጠፈ ጋቢ፣ ዘንበል ያለ አንገት፣ የማገዶ ክምር፣ ደንገል (ታንኳው የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል)፣ ያልነጋ ሰማይ። ምሳሌያዊ አነጋገር የመሰለኝን በእርሳስ ከበብሁና ዳሩ ላይ «ማሳመሪያ» ብዬ ጻፍሁ። የጎርፉ መንገድ፣ ያልደፈረሰው ውኃ፣ «ከወገቡ በላይ ጎልማሳ፣ ከወገቡ በታች የአሥር ዓመት ልጅ» የምትለዋ፤ ሦስቱም እርሳስ ደረሳቸው። ማሳመሪያ አይሣልም የሚል እምነት ነበረኝ።

በሌላ ወረቀት ላይ የሌለውን ጻፍሁ። ጢሙ አልተነገረም። ልብሱ አልተነገረም። ባርኔጣ፣ ጥርስ፣ ቁመት፣ ምንም። ሥዕል ደግሞ እንደ ጽሑፍ ዝም ማለት አይችልም። ደራሲ ስለ ጢም ሳይናገር መጽሐፍ መጨረስ ይችላል። ሠዓሊው ግን ወይ ይሥላል ወይ አይሥልም፤ ሁለቱም መልስ ነው።

ደወልሁላቸው።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ጢም አለው?»

«ኧረ የለውም! አጎቴን እኮ ነው የጻፍሁት። ሁልጊዜ የሱፍ ኮፍያ ያደርጋል። ከላይ ሁለት ጥርስ የለውም። እዚህ ግንባሩ ላይ ደግሞ ጠባሳ አለች።»

«ኮፍያው ስንተኛ ገጽ ላይ ነው?»

ዝም አሉ። ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል። ብዙ ተገለጠ።

«የለም ለካ» አሉ በመጨረሻ።

«እሱ አይደለም» ያሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው ሥዕሌን ያስተያዩት ከአንቀጹ ጋር ሳይሆን ከአጎታቸው ጋር ነው። አጎታቸውን እኔ አላውቃቸውም። አንባቢውም አያውቃቸውም። የአጎታቸውን ፎቶ ላኩልኝ ማለት እችል ነበር፤ ቀላሉም መንገድ እሱ ነበር። አላልሁም። ሥዕሉ የሚታተመው ከአንቀጹ አጠገብ ነው። አንባቢው በአንድ ዓይኑ እያነበበ በአንድ ዓይኑ ያያል። ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ጠባሳ ሥዕሉ ላይ ሲያገኝ «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ይላል። ስለዚህ ተስማማን፤ ኮፍያውን ከፈለጉ መጽሐፉ ውስጥ ይጻፉት፣ እኔም እሥለዋለሁ። ትንሽ አሰቡና ተዉት። «አጎቴ ለእኔ ይቅር» አሉ።

ጢሙ ግን አሁንም አልተፈታም። ሙሉውን ረቂቅ ላኩልኝ አልኋቸው። መጀመሪያም መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ አንቀጽ ብቻ ተቀብሎ ሰው ለመሣል መነሣት የሩጫ ሥራ ነው። ረቂቁን ሁለት ማታ አነበብሁት። ታንኳ ቀዛፊው ብዙ ቦታ አይገባም። ነገር ግን አንድ ምዕራፍ ላይ የልጅ ልጁ ጉንጩን ስትስመው «አባባ፣ እንደ ገለባ ትወጋለህ» ትለዋለች። ይኸው ጢሙ! ረጅም አይደለም፣ የተላጨም አይደለም። የሦስት የአራት ቀን ክርድድ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ከገበያ የገዛውን የሕፃን ጫማ በሸሚዙ ኪስ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ሸሚዝ ይለብሳል። ሸሚዙ የደረት ኪስ አለው፤ ኪሱም ጫማ ይችላል። ደራሲው ራሳቸው ይህን ሁሉ መጻፋቸውን ረስተውታል።

ቀጥሎ ወደ ሐይቁ ወረድሁ።

ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ታንኳ አላውቅም ብል ማንም አያምነኝም። አውቃለሁ። ግን ልሥለው ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ ላይ የሣልሁት ጀልባ ሳስበው ፊልም ላይ ያየሁት የእንጨት ጀልባ ነው፤ ላዩ ላይ የደንገል መስመር አሰመርሁበት እንጂ።

አሁን ከተማው ዳር የሚበዛው ባለሞተሩ ነው። ማገዶ የጫነ ታንኳ ለማየት ማልዶ መነሣት ያስፈልጋል። ሦስት ቀን በተከታታይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣሁ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። ከዘንባባዎቹ ሥር በእግሬ ነው የምሄደው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊት ከውኃው የሚመጣው ንፋስ ይቆነጥጣል። የመጀመሪያውን ቀን ማንንም አላናገርሁም፣ ፎቶም አላነሣሁም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ላይ ስልክ መደገን ነውር ነው። ደግሞ በስልክ ከቅርብ የተነሣ ፎቶ ፊትን ያዛባል፤ አፍንጫ ያተልቃል፣ ጆሮ ያሸሻል። ዝም ብዬ አየሁ።

በሁለተኛው ቀን አንድ አባት ማገዶ ጭነው ደረሱ። እውነትም መጀመሪያ የታየኝ እንጨት ነው። ቀጥሎ ጭንቅላት። ደራሲው አልዋሹም።

«እንደምን አደሩ አባቴ» ብዬ ቀረብሁ። ሥዕል እንደምሥል ነገርኋቸው። ፈቃዳቸው ከሆነ ሲያወርዱ ልያቸው፣ ከዚያ ሻይ እንጠጣ አልሁ።

«ሻዩ ይቆይ። እይ» አሉኝ።

ተቀምጠው ሳሉ ትከሻቸው ሰፊ ነው። የክንዳቸው ጅማት ከሩቅ ይቆጠራል። አንገታቸው ወፍራም ነው። ዕድሜያቸውን ገምቺ ብባል ሃምሳም አልሞላቸውም እል ነበር። ከዚያ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውኃው ውስጥ ቆሙ። እግራቸውን ሳይ ብዕሬ እጄ ላይ ቀረ። ቅልጥማቸው ቀጭን ነው። ባታቸው የለም ማለት ይቻላል። ከሌላ ሰው የተዋሱት እግር ይመስላል።

ከወገቡ በላይ ጎልማሳ፣ ከወገቡ በታች የአሥር ዓመት ልጅ።

በእርሳስ ከብቤ «ማሳመሪያ» ያልሁት ዓረፍተ ነገር ከአንቀጹ ሁሉ ይልቅ ቃል በቃል እውነት የሆነው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ በክንዱ የሚጎትት ሰው አካሉ እንደዚያ ይሆናል። ደራሲው ምሳሌ አልፈለጉም፤ ያዩትን ነው የጻፉት። እኔ ግን ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ብቻ እውነት አይሆንም ብዬ አለፍሁት።

ሻይ ይዘን ንድፌን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ሰውዬ አሁን ይገለበጣል» አሉ።

«ለምን?»

«መሐል ላይ አስቀመጥሽው። እንጨቱን ከኋላው ከመርሽው። እንጨት ከፊት ነው፣ ሰው ከኋላ። ከኋላ ካልሆነ አፍንጫዋን በምን ያዞራታል?» ጣታቸውን ወደ መቅዘፊያው ወሰዱ። «ይሄ ማንካ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም። መቅዘፊያቸውን አሳዩኝ። ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰፊ ምላስ የለውም። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይገባል። እጆች ተራርቀው ነው የሚይዙት። እኔ ሁለቱን እጅ አጠጋግቼ፣ መጥረጊያ እንደያዘ ሰው አድርጌ ሥዬ ነበር። ሌላም ነገር አየሁ። ዘንጉ ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር ውኃው በዘንጉ እየወረደ ክንድ ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ እጅጌያቸው ከክርን በላይ ተጠቅልሏል፤ ቢሆንም እርጥብ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ቤት ቁጭ ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ስለ ጋቢውም ጠየቅሁ። «ጋቢ ውኃ ከጠጣ ድንጋይ ነው። ደግሞ ለሚቀዝፍ ሰው አይበርደውም፤ የሚበርደው መቀመጫው ነው» አሉኝ። ደንገል ውኃ ይስባል። ለዚህ ነው ታንኳ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው። ለዚህም ነው የደራሲው ሰው ጋቢውን አጥፎ የሚቀመጥበት። ከአንቀጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨማሪ ማስረጃ አገኘ።

ስንለያይ አንድ ክንድ የሚሆን የደንገል ቁራጭ ሰጡኝ። ያ ቁራጭ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ደንገል እንደ ሸምበቆ ክብ አይደለም። ሦስት ጎን አለው፤ ጠርዙ በጣት ይታወቃል። ለሠዓሊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክብ ነገር ላይ ብርሃን ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይሄዳል። ባለ ሦስት ጎን ነገር ላይ ግን ቁርጥ ይላል፤ አንዱ ገጽ ብሩህ፣ አጠገቡ ያለው ጨለማ። ስለዚህ ታንኳውን በለስላሳ ጥላ መሙላቴን ተውሁ። እያንዳንዱን ደንገል በሁለት መስመር ብቻ ሠራሁት፣ አንድ ቀጭን አንድ ወፍራም። ትኩሱ ደንገል አረንጓዴ፣ የከረመው ገለባ የመሰለ ነው፤ ከሥር ውኃ የጠጣው ደግሞ ይጠቁራል። ጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ ቀለሙን መናገር ባይቻልም የታንኳውን ሥር ማጥቆር ይቻላል። ያን ጊዜ ጭነቱ ከበደ።

ሁለተኛውን ንድፍ ይዤ ሐይቅ ዳር ካለ ካፌ ከደራሲው ጋር ተገናኘን። በዚህኛው ተማምኜ ነበር። ታንኳውን ሙሉ በሙሉ ከጎን ነው የሣልሁት። አፍንጫው ወደ ላይ ቀልበስ ያለ፣ ከፊት እንጨቱ፣ ከኋላ ሰውዬው። ከጎን ስለሆነ ትከሻውም ቀጭን እግሩም በአንድ ላይ ይታያል። አንቀጹ «ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል» የሚለው ለዳር ሰው፣ ማለትም ከፊት ለሚያይ ነው፤ ከጎን የሚያይ ሰው ሁሉንም ያያል፣ አልተጣላንም። ምስሉን ሁሉ በጥቁር ብትሞላው እንኳ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ለአንድ ገጽ ሥዕል ከዚህ የተሻለ ቅርጽ የለም ብዬ ነበር።

ማኪያቷቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ።

«ምነው ልጄ፣ ይሁዳ አደረግሽው?»

በጎን ስለሣልሁት የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ፊቱን ወደ አንተ ያዞራል፣ ሁለት ዓይኖቹም ይታያሉ። ከሃዲ፣ ሰቃይ፣ ሰይጣን በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ነው ያለው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሳስብ ግን የሥዕል ትምህርቴ ውስጥ ነበርሁ፤ እዚያ ጎን ማለት ግልጽ ቅርጽ ማለት ነው፣ ኃጢአት የለበትም።

መጀመሪያ ተከራከርሁ። የዛሬ አንባቢ ይህን አያስታውስም አልሁ። «እኔ አስታወስሁ» አሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

በሳምንቱ የገዳማቱን ሥዕል ለማየት ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ተሻገርሁ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ክብራን ገብርኤል ለከተማው ይቀርብ ነበር፤ እዚያ ግን ሴት አትገባም፣ ከሩቅ ተሳልሜ አለፍሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቼ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያ ዞርሁ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ፊት ፊቱን ብቻ እያየሁ ሄድሁ። እዚያ ቆሞ ለሚያይ ሰው ደንቡን ማስረዳት አያስፈልግም። በጎን የተሣሉት ሲያዩህ ሳይሆን ሲሸሹህ ነው የምታገኛቸው። ሁለት ዓይን ያላቸው ደግሞ የትም ብትቆም ያገኙሃል። ደራሲው እንዲህ ያለ ግድግዳ ሥር ነው ያደጉት። አንባቢያቸውም ባብዛኛው እንደዚያው።

አካሉን ከጎን ተውሁት። ፊቱን ብቻ ሦስት አራተኛ ያህል ወደ እኛ መለስሁት። «ቀዛፊ መንገዱን ትቶ ወደ ጎን ያያል እንዴ?» የሚል ጥያቄ ነበረብኝ። አንቀጹ ግን ያያል አላለም፤ ያዳምጣል ነው ያለው። የሚያዳምጥ ሰው ዓይኑ የትም ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓይን ሲመጣ «ገና ያልደፈረሰ ውኃ» የሚለውም ቦታ አገኘ።

አሁን የቀረው አንገቱ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ።

አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ ሣልሁ። የሆነ ነገር አልጥም አለኝ። ደገምሁት፣ ያው ነው። በመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ፣ መስታወት ፊት እንደ ሰውዬው ሆንሁ። አንገቴን ወደ ግራ ሳዘነብል ቀኝ ጆሮዬ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። የማይሰማው ግራ ጆሮ ወደ ደንገሉ ወረደ። ሰውዬው ከሥሩ ያለውን ድምፅ እሰማለሁ ብሎ የሚሰማውን ጆሮ ወደ ሰማይ ሰቅሎታል!

ወዲያው ደወልሁ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አንገትዎን ወደ ግራ ያዘንብሉ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለው ያዘንብሉ። አሁን ወደ መሬት የሆነው የትኛው ጆሮ ነው?»

ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። «ቆይ… ቆይ…» አሉ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። «ይህን አንቀጽ ሰባት ጊዜ አርሜዋለሁ» አሉ።

ሰባት ጊዜ ያነበበ ዓይን ያላየውን አንድ ወንበር አሳየ። በደራሲው አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሁለት ሳምንት አንብቤው አላየሁትም። ቃል እንደዚህ ያለ ስሕተት ይሸከማል፤ «ግራ» እና «ቀኝ» ተቀራርበው ሲጻፉ ጆሮ ደስ ይለዋል፣ አእምሮም አይመረምርም። አካል ግን እንቢ ይላል። «ወደ ቀኝ» ተብሎ እንዲታረም ተስማማን።

አንገቱ ወደ ቀኝ ሲሆን የገጹ አቀማመጥም አብሮ ተወሰነ። የሚሰማው ቀኝ ጆሮ እንዲታይ ሰውዬውን ከቀኝ ጎኑ ማየት አለብን። ከቀኝ ጎኑ ካየነው ታንኳው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እኛም የምናነብበው በዚያው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ በግራው ገጽ እንዲታተም ጠየቅሁ። በቀኙ ቢሆን ከመጽሐፉ ወጥቶ ይሄድ ነበር። በግራው ሲሆን ወደ ጽሑፉ ይቀዝፋል።

ብርሃኑንም ይኸው አቅጣጫ ወሰነው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው የሚቀዝፈው። የሚነጋበት ሰማይ ከግራው በኩል ይሆናል፤ እኛ ያለነው በቀኙ። ማለትም ለእኛ የሚታየን የጥላ ጎኑ ነው። ፀሐይ ደግሞ ገና አልወጣችም። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ጥላ የለም፤ ሰውዬው ጠቆር ያለ፣ ከኋላው ሰማዩ ገርጣ ያለ። ይብራዎቹን አባረርሁ። አሳዘኑኝ፤ ቆንጆ ነበሩ።

ፊቱ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ። «የነሐሴ ጎርፍ የሄደበት መንገድ» የሚለውን መጀመሪያ በአርባ ሃምሳ ቀጫጭን መስመር ሞላሁት፤ ፊቱ የተጨማደደ ወረቀት ሆነ። ከታንኳው ትምህርት በኋላ ግን ምሳሌን ዝም ብዬ አላልፍም። ጎርፍ የሄደበትን የጥርጊያ መንገድ ሄጄ አየሁ። ጎርፍ መንገድን አይፈትለውም፤ ይቦረቡረዋል። ጥቂት ጥልቅ ቦይ ይተዋል፣ ዳር ዳሩ የተናደ። ስለዚህ ፊቱ ላይ አምስት መስመር ብቻ ቀረ። ሁለት ከአፍንጫው ወደ አፉ፣ ሁለት ከዓይኑ ጥግ፣ አንድ ግንባሩ ላይ። ወፍራም ናቸው፤ ዳራቸው ጎርበጥ ይላል። ዓይኖቹ ላይ ደግሞ ምንም አልጨመርሁም። ነጫቸው ያልተነካ ወረቀት ነው። ጣና በክረምት ወንዞቹ አፈር ይዘው ሲገቡ ይደፈርሳል፤ «ገና ያልደፈረሰ» ማለት የክረምቱ ጎርፍ ያልደረሰበት ማለት ነው። ፊቱ ነሐሴ፣ ዓይኑ ግንቦት። ፊቱ ላይ ሌላ ነጭ ቦታ እንዳይኖር ተጠነቀቅሁ።

የቴክኒኩን ነገር ባጭሩ ልበለው። ክሪታ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም ነው የሠራሁት፤ ነፃ ስለሆነ። ገጹ ኤ5 ነው። መስመር ብቻ ያለው ሥዕል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ጠርዙ ሊሻክር ስለሚችል በ600 ሠራሁት፤ 3,496 በ4,961 ፒክስል ይሆናል። ግራጫ ቀለም ጨርሶ አልተጠቀምሁም። ጥላውን ሁሉ በጭረት ነው የሠራሁት፤ ተራ ወረቀት ላይ ግራጫ ሲታተም ይቆሽሻል። ፋይሉን ከመላኬ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ በትክክለኛው መጠን አባዛሁትና ቅጂውን መልሼ አባዛሁት። የእንጨቱ ክምር ጥቁር ጉድፍ ሆነ፤ ጭረቶቹ ተጣብቀዋል። ተመልሼ ከሦስት ጭረት አንዱን አጠፋሁ። ስክሪን ላይ ሲታይ የሳሳ መሰለ። ወረቀት ላይ ልክ መጣ።

የመጨረሻውን ለደራሲው በወረቀት ነው ያሳየሁት። ብዙ አላወሩም። ጣታቸውን ሸሚዙ ኪስ ላይ አደረጉ። ኪሱን ትንሽ አሳብጬዋለሁ፤ የጫማው ጫፍ ብቻ ብቅ ብሏል። «ይቺን ከየት አመጣሻት?» አሉ። ምዕራፉን ነገርኋቸው። «አጎቴን አይመስልም» አሉ ቀጥለው፤ ቀሪውን ክፍያ ግን በዚያው ዕለት ላኩልኝ።

መጽሐፉ ከተወሰኑ ወራት በኋላ ወጣ። ሥዕሉ ገጽ 46 ላይ ነው፤ በግራ፣ እንደጠየቅሁት። ጭረቱ አልተጣበቀም፤ ዓይኖቹ ነጭ ናቸው። ሰውዬው አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ያዳምጣል። ገጽ 47 ላይ ያለው አንቀጽ ግን «አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ» ይላል። ማተሚያ ቤት የሄደው የድሮው ፋይል ነው። ማን እንደላከው እስካሁን አልተማመንንም። የደራሲውን ስም ያላነሣሁት ለዚህ ነው።

እስካሁን ሁለት አንባቢዎች «ሠዓሊዋ ተሳስታለች» ብለው ለደራሲው ነግረዋቸዋል። ለእኔ በስጦታ የሰጡኝ ቅጂ ላይ «ግራ» በሰማያዊ ቢክ ተሰርዟል። ከላዩ በመምህር እጅ ጽሕፈት «ቀኝ» ተብሎ ተጽፏል። በእጃቸው በሚሰጡት ቅጂ ሁሉ ላይ እንደዚያ ያደርጋሉ። ያለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ስሄድ አሥራ ሁለት መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ቆልለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ገጽ 47 ላይ ነበሩ።